ተጨሶ የሚጣለው ቬፕ፤ የማስወገጃው ዕዳ የማን ነው?

ሰው ዕቃ ሲገዛ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ዕቃው አገልግሎቱን ከጨረሰ በኋላ የት እንደሚወድቅ፥ የወደቀበትን ስፍራ ማን እንደሚያጸዳውና የማጽጃውን ገንዘብ ማን እንደሚከፍል ግን ሲጠይቅ አይሰማም። ሻጩም አይነግረው፥ ፋብሪካውም በመጠቅለያው ላይ አይጽፍለት። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ሳይጠየቅ የቀረውን ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የተመረጠው ዕቃ ትንሽ ነው። ይኸውም በብዙ አገር ወጣቶች እጅ የሚታየው፥ ጥቂት ቀን ተጨሶ የሚጣለው የኤሌክትሪክ ሲጃራ፥ በተለምዶ «ቬፕ» የሚባለው ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን መካከል «የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ባትሪ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ባትሪ እንዴት እንደሚሠራ በጥልቀት ማስረዳት የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሥራ ነው። አንዱ ተጠቅሞ የጣለውን ሌላው በምን ሕግ ይሸከማል ማለት ግን የፍትሕ ጥያቄ ስለ ሆነ ሁላችንንም ይመለከታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፥ ካልተለየ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

፩. ዕቃው ምንድን ነው?

ዛሬ የሚታወቀውን ዓይነት የኤሌክትሪክ ሲጃራ የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው፤ ዘመኑም 2003 ነበረ። በዚህ ዕቃ ውስጥ ትምባሆ የሚያቃጥል እሳት የለም። በእሳቱ ፈንታ በባትሪ ኃይል የሚግል ቀጭን የሽቦ ጥቅል አለ። ሽቦው በጥጥ ተመጥጦ የተቀመጠውን ፈሳሽ ወደ ተንነት ይለውጠዋል፤ አጫሹ የሚስበው ይህንን ተን ነው። በፈሳሹ ውስጥ ኒኮቲንና ጣዕም ሰጪ ቅመሞች ይገኛሉ።

በመጀመሪያ የወጡት አብዛኞቹ ባትሪያቸው የሚሞላ፥ ፈሳሻቸውም የሚተካ ነበሩ። ከ2021 ገደማ ወዲህ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው ዓይነት ገበያውን አጥለቀለቀው። ርካሽ ነው፤ ቀለሙ ያምራል፤ የፍራፍሬና የከረሜላ ጣዕም አለው፤ ማስተካከል ወይም መሙላት አያስፈልገውም። በእንግሊዝ አገር ሕጉ የሚፈቅደው የፈሳሽ መጠን ከ2 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ስለ ነበረ፥ የተለመደው ዓይነት 600 ጊዜ ያህል ከተሳበ በኋላ ያልቅና ይጣላል።

አሁን ከነዚህ አንዱን ፈትተን እንመልከት። በውጭ በኩል የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ቱቦ አለ። በውስጡ የሊቲየም ባትሪ፥ የአጫሹን ትንፋሽ ተረድቶ ኤሌክትሪኩን የሚከፍት ትንሽ መሣሪያ፥ ጥቃቅን የመዳብ መስመሮች፥ አንዲት የምታበራ ነጥብ፥ የሽቦው ጥቅልና ኒኮቲን የጠጣው ጥጥ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ የሰው ብልሃት የተሰበሰበው ለጥቂት ቀን ጭስ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የባትሪው ነገር ነው። ብዙ ሰው ባትሪው እንደ ተራ የባትሪ ድንጋይ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚሞት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከተጣሉ ቬፖች ባትሪዎችን አውጥተው ሞከሩና በ2023 ውጤቱን አሳተሙ። ባትሪዎቹ ከ450 ጊዜ በላይ ተሞልተው አብዛኛውን ኃይላቸውን እንደ ያዙ ተገኙ። እንግዲህ የጎደለው የባትሪው ዕድሜ ሳይሆን የመሙያ ቀዳዳው ነው ማለት ነው። ዕቃው የሚጣለው ስለ ሞተ ሳይሆን፥ እንዲጣል ሆኖ ስለ ተሠራ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ «ማን ይክፈል?» ስንል ዋና ማስረጃችን ይሆናል።

፪. መልሶ ለመጠቀም ለምን አስቸገረ?

አሉሚኒየሙ ቢቀልጥ፥ መዳቡ ቢለይ፥ ሊቲየሙ ቢወጣ ሁሉም እንደ ገና ሥራ ላይ ይውላል። ይሁን እንጂ አራት ችግሮች አሉ።

1ኛ፤ አሠራሩ። ክፍሎቹ ተጣብቀውና ተጨናንቀው የገቡ ናቸው። እንዲፈታ ተብሎ የተበጀ ብሎን የለውም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በሰው እጅ፥ አንድ በአንድ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ውድ በሆነበት አገር ይህ ብቻ ሥራውን ያከስራል።

2ኛ፤ መርዙ። ኒኮቲን መርዝ ነው፤ በጥጡ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽም በቆዳ ሊገባ ይችላል። በአሜሪካ የተጣለ የኒኮቲን ፈሳሽ በአደገኛ ቆሻሻነት ስለሚቆጠር፥ ከተማሪዎቻቸው ቬፕ የሚወርሱ ትምህርት ቤቶች እንኳ በተራው ቆሻሻ ውስጥ እንዳይጥሉት ሕጉ ያስገድዳቸዋል።

3ኛ፤ እሳቱ። የሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ ወይም ሲበሳ በውስጡ የተለያዩት ክፍሎች ይነካካሉ። ወዲያው ይግላል፤ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽም ተቀጣጣይ ስለ ሆነ ይነድዳል። የቆሻሻ መኪና ደግሞ ሥራው መጨፍለቅ ነው። በወረቀትና በፕላስቲክ መካከል የገባች አንዲት ትንሽ ባትሪ መኪናውን በሙሉ ልታነድደው ትችላለች።

4ኛ፤ ትንሽነቱ። ይህ ከሁሉ የጠለቀው ነው። በአንዱ ቬፕ ውስጥ ያለው ሊቲየም የግራም ሩብ እንኳ አይሞላም። ለአንድ ግራም ሩብ ማን ጎንበስ ይላል? አጫሹ አይልም፤ የመንገድ ጠራጊውም ቢያነሣው የሚገዛው አያገኝም። ነገር ግን ሚሊዮኖች ሲጣሉ ግራሞቹ ቶን ይሆናሉ። ለአንዱ ሲታይ ኢምንት፥ በድምር ሲታይ ተራራ። የገበያ ሕግ የሚያየው አንዱን ነው፤ ምድር የምትሸከመው ግን ድምሩን ነው። ችግሩ የተፈጠረው በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

፫. የእንግሊዝ አገር ምሳሌ

የዚህ ነገር ታሪክ ከሌላው አገር ይልቅ በእንግሊዝ አገር በግልጽ ተቆጥሮ ስለሚገኝ ወደዚያ እንሂድ። ማቴሪያል ፎከስ የተባለ፥ ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ቆሻሻ የሚያጠና ድርጅት፥ በ2022 ባወጣው ግምት በዚያ አገር በየሳምንቱ 1.3 ሚሊዮን ተጨሰው የሚጣሉ ቬፖች ይጣሉ ነበር። በዓመቱ፥ በ2023፥ ቁጥሩ ወደ 5 ሚሊዮን ተጠጋ፤ ይህም ማለት በየሴኮንዱ 8 ያህል ማለት ነው። በዓመት ከነዚህ ጋር የሚጣለው ሊቲየም ለ5,000 የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪ ይበቃ እንደ ነበረም ድርጅቱ አስልቶ ነበር። ወደ መሰብሰቢያ ስፍራ ወይም ወደ ሱቅ መልሰው የሚያስረክቡት ግን ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

የእሳቱም ነገር አብሮ አደገ። በቆሻሻ መኪናዎችና በቆሻሻ መለያ ስፍራዎች ከተጣሉ ባትሪዎች የሚነሡ ቃጠሎዎች በ2022 ወደ 700 ገደማ የነበሩት፥ እስከ 2024 አጋማሽ በነበረው አንድ ዓመት ከ1,200 በላይ ሆኑ። ሁሉም ከቬፕ የመጡ ናቸው ማለት አይደለም፤ በቤት ቆሻሻ ውስጥ ከሚጣሉት ባትሪዎች መካከል ግን የቬፕ ባትሪ እየበዛ መሄዱ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሕግ አልነበረምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነበረ። በ2013 የወጣው ደንብ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራ ወይም የሚያስመጣ ሁሉ ለመሰብሰቢያውና ለመልሶ መጠቀሚያው እንዲከፍል፥ ሻጩም ያረጀውን እንዲቀበል ያዝዛል። ነገር ግን የደንቡ አሠራር ለቬፕ አልተበጀለትም። ቬፕ ይቆጠር የነበረው ከመጫወቻና ከስፖርት ዕቃዎች ጋር ነው። ክፍያውም የሚደለደለው ለገበያ በቀረበው ዕቃ ክብደት ነበር። ቬፕ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ድርሻው ትንሽ ሆነ። ለማስወገድ ግን ከብዙ ከባድ ዕቃ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ምክንያት የልጆች መጫወቻ የሚሠራው ሰው የኒኮቲኑን ነጋዴ ዕዳ በከፊል ሲከፍልለት ኖረ። በ2025 ቬፕ ለብቻው እንዲመደብ የተደረገው ይህንኑ ለማስተካከል ነው።

በዚያው ዓመት፥ ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ፥ አንድ ጊዜ ተጨሶ የሚጣለውን ቬፕ መሸጥ በእንግሊዝ፥ በስኮትላንድ፥ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ተከለከለ። ቤልጅግ ከጃንዋሪ 2025 ጀምራ፥ ፈረንሳይም በፌብሩዋሪ 2025 በወጣ ሕግ ቀድመው ከልክለው ነበር።

፬. እንግዲህ ማን ይክፈል?

ለክፍያው አራት ሰዎች በዕጩነት ሊቀርቡ ይችላሉ። እያንዳንዳቸውን በተራ እንመርምር።

ሀ) አጫሹ። «የተጠቀመ ይክፈል» የሚለው ፍርድ ለጆሮ ቅን ነው። ዕቃውን የገዛውም የጣለውም እርሱ ነው። ይሁን እንጂ አጫሹ ዕቃው ሲሠራ አልነበረም። ባትሪው እንዳይሞላ የወሰነ እርሱ አይደለም፤ ክፍሎቹን በሙጫ ያጣበቀም እርሱ አይደለም። በተጨማሪም ከጣለ በኋላ ክፈል ቢባል ማን አይቶ ያስከፍለዋል? ሊከፍል የሚችለው በሚገዛበት ሰዓት ብቻ ነው። ለዚህ ጥሩው ዘዴ እኛው በሰፈራችን የምናውቀው የጠርሙስ መያዣ ነው። ለስላሳ ወይም ቢራ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ወይ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፥ ወይ ለጠርሙሱ መያዣ ገንዘብ ያስቀምጣል። ጠርሙሱን ሲመልስ ገንዘቡ ይመለስለታል። ማንም ሰው ስለ ንጽሕና ሳይሰብክለት፥ የሰፈር ልጅ ሁሉ ጠርሙስ ሲሰበስብ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። ቬፕም መያዣ ቢኖረው በየመንገዱ ባልወደቀ ነበር።

ለ) ሻጩ። ሱቁ ለአጫሹ ቅርብ ስለ ሆነ ለመቀበል ይመቻል። ዕቃው በወጣበት በር ቢመለስ መልካም ነው። ነገር ግን ባለሱቁ ትርፉ ትንሽ ነው፤ እሳት ሊያስነሣ የሚችል ሳጥን በመደብሩ ጥግ አስቀምጥ ሲባልም መፍራቱ አያስነቅፈውም። ስለዚህ ሻጩ ተቀባይ ይሁን፥ ሳጥኑንና ማጓጓዣውን ግን ሌላ ይክፈልለት ማለት የተሻለ ይመስለናል።

ሐ) ማዘጋጃ ቤቱ። ማንም ካልከፈለ በመጨረሻ የሚከፍለው ይህ ነው። የቆሻሻ መኪናው የእርሱ ነው፤ ሲቃጠልም የሚተካው እርሱ ነው። የማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ግን የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። አጭሳ የማታውቅ አሮጊት፥ ልጆቹን ከትምባሆ የሚጠብቅ አባት፥ ሁሉም ለማያውቁት ጭስ ይከፍላሉ። ከገንዘቡም በላይ የሚከፍል አለ፤ እርሱም የቆሻሻ ሠራተኛው ነው። የሚነድደው መኪና ውስጥ ያለው እርሱ ነው፤ ጢሱንም የሚስበው እርሱ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ይህ ወጪ አይጻፍም።

መ) አምራቹና አስመጪው። በ1990 ቶማስ ሊንድቅቪስት የተባለ ስዊድናዊ ምሁር ለአገሩ መንግሥት ባቀረበው ጽሑፍ፥ የአምራቹ ኃላፊነት ዕቃውን ሸጦ ሲያስረክብ የሚያልቅ ሳይሆን ዕቃው እስኪወገድ ድረስ የሚዘልቅ መሆን አለበት ብሎ አስተማረ። የአውሮፓ አገሮች ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ቆሻሻ ያወጧቸው ሕጎች መሠረት ይህ ሐሳብ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከአራቱ መካከል ዕቃውን መለወጥ የሚችል አምራቹ ብቻ ነው። አጫሹ ቀዳዳ ሊበሳለት አይችልም፤ ባለሱቁም ሙጫውን በብሎን ሊለውጠው አይችልም። የማስወገጃው ወጪ በራሱ ኪስ ላይ ሲመጣበት ግን አምራቹ በሚቀጥለው ቀን በቀላሉ የሚፈታ ዕቃ ለመሥራት ያስባል። ሌላውን ማስከፈል ወጪውን ማከፋፈል ነው፤ አምራቹን ማስከፈል ግን ወጪውን ማሳነስ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ።

አንደኛው «አምራቹ የከፈለውን በዋጋው ላይ ጨምሮ ከአጫሹ ይወስደዋል፤ ታዲያ ምን ተለወጠ?» የሚል ነው። አዎን፥ ይጨምራል። ይህ ግን ጉድለት ሳይሆን የተፈለገው ነገር ነው። ያን ጊዜ ከፋዩ የማታጨሰው አሮጊት መሆኗ ይቀርና የሚያጨሰው ይሆናል። ደግሞም እስከ ዛሬ ርካሽ ሲባል የኖረው ዕቃ ርካሽ የነበረው ከፊሉን ዋጋ ሌላ ሰው ይከፍልለት ስለ ነበረ ነው። ዋጋው እውነቱን ሲናገር፥ ተሞልቶ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ዓይነት ርካሽ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሁላችንም ጥቂት ጥቂት ብንከፍል ምን ይጎዳናል?» የሚል ነው። ተረቱ እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን ሎሚው የጋራ ሲሆን ነው። አንዱ ሎሚውን በልቶ ልጣጩን ለሃምሳ ሰው ቢያከፋፍል ይህ መረዳዳት አይባልም። የከፋው ደግሞ፥ ልጣጩን የሚሸከምለት ሰው እስካገኘ ድረስ መብላቱን አያሳንስም።

ስለዚህ የዚህ ጸሐፊ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ዋናውን ወጪ አምራቹ ወይም አስመጪው ይክፈል፤ ክፍያውም በክብደት ሳይሆን በቁጥርና በአስቸጋሪነቱ መጠን ይተመን። ሻጩ በተከፈለው ገንዘብ ሳጥን አስቀምጦ ይቀበል። አጫሹ መያዣ አስቀምጦ ሲመልስ ይውሰድ። መንግሥትም ሳይመዘገብ የሚያስገባውን እያሳደደ ይቆጣጠር፤ የተመዘገበው ከፍሎ ያልተመዘገበው ሳይከፍል የሚሸጥ ከሆነ ሕጉ ቅን ነጋዴውን ብቻ ይቀጣልና።

፭. መከልከል ብቻውን ይበቃልን?

«ተከልክሏልና ነገሩ አልቋል» ማለት ስሕተት ነው። የእንግሊዝ አገር ክልከላ የሚነካው የማይሞላውንና የማይተካውን ዓይነት ብቻ ነው። ሲጃራ ለመተው ቬፕ የሚረዳቸው ሰዎች አሉና፥ የሚሞላው ዓይነት እንዲቀርላቸው መደረጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ክልከላው ሲመጣ ፋብሪካዎቹ በአሮጌው ቅርጽ ላይ የመሙያ ቀዳዳና የሚለወጥ የፈሳሽ ዕቃ ጨምረው በዚያው ዋጋ አካባቢ መሸጥ ጀመሩ። ገዢውም ልማዱ ስላልተለወጠ፥ ሊሞላ የሚችለውን ዕቃ ሳይሞላ ይጥለዋል። ሕጉ የዕቃውን ስም ለወጠ፤ የዋጋውን ነገር ስላልለወጠ ግን የሰውን ጠባይ በሙሉ አልለወጠም። ክልከላና ክፍያ እንደ ሁለት እግር ናቸው፤ በአንዱ ብቻ ቆሞ መሄድ ያስቸግራል።

፮. ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሪክ ሲጃራን ንግድ ይከለክላል። ስለዚህ በሕግ ፊት ቬፕ በአገራችን ገበያ የለም። ይሁን እንጂ በየመዝናኛው የሚወጣ ሰው ሁሉ በዓይኑ እንደሚያየው፥ በወጣቶች እጅ አልጠፋም። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። የተፈቀደ ዕቃ አስመጪ ስላለው «ና፥ ክፈል» ይባላል። የተከለከለ ዕቃ ግን አስመጪ ነኝ የሚል የለውም። በድብቅ የገባ ዕቃ ሲጣል ባለቤት የሌለው ቆሻሻ ይሆናል፤ ዕዳውም በቀጥታ በከተማው ላይ ይወድቃል።

ቬፕን ትተን የተፈቀዱትን ብናይ፥ የስልክ ባትሪ፥ ስልክ መሙያው ፓወር ባንክ፥ በገጠር የሚያበራው የፀሐይ መብራት ሁሉ ያንኑ የሊቲየም ባትሪ የያዙ ናቸው። እነዚህ በብዛት ገብተዋል፤ ዕድሜያቸውም እየደረሰ ነው። ከነዚህ አሮጌ ዕቃዎች የሚጠቅመውን የሚሰበስብልን «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ነው። ቆራሌው ያለ ደመወዝና ያለ ደንብ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን እርሱም ነጋዴ ነው፤ የሚገዛው የሚሸጥለትን ነው። ብረት፥ ጠርሙስና አሮጌ ቴሌቪዥን ይወስዳል። ያበጠች የስልክ ባትሪ ብትሰጠው ግን ምን ያደርጋታል? በእንግሊዝ አገር ያየነው የግራም ሩብ ችግር በእኛም ሰፈር ያው ነው። ዋጋ የሌለውን ነገር የሚያነሣው ካልተከፈለው አይነሣም።

ያልተነሣውስ የት ይሄዳል? አብዛኛው የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለብዙ ዘመን ሲሄድ የኖረው ወደ ረጲ ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አደጋው ከባትሪ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ ጠየቅነው ጥያቄ መልስ ሰጥቶናል። ማንም ሳይከፍል ሲቀር በመጨረሻ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ያን ቀን ታየ። የከፈሉት በተራራው ሥርና በአጠገቡ ይኖሩ የነበሩት፥ ከጣልነውም እየለቀሙ ይኖሩ የነበሩት ናቸው።

መደምደሚያ

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፥ ስለ ቆሻሻ በተነጋገርን ቁጥር የምንወቅሰው የጣለውን ልጅ ወይም ያላነሣውን ጠራጊ ነው። ዕቃውን እንዲጣል አድርጎ የሠራውንና ያስመጣውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጣለው ልጅ ጥፋት የለበትም አላልንም፤ ነገር ግን ዳውላው ሲደበደብ አህያው ወደ ፊት አይራመድም።

ነገ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ወጥተን አንዳንዶቻችን ሕግ አርቃቂ፥ አንዳንዶቻችን ነጋዴ፥ አንዳንዶቻችን የማዘጋጃ ቤት ሹም እንሆን ይሆናል። አዲስ ዕቃ ወደ አገር ሲገባ ቀረጡን ብቻ ሳይሆን መቀበሪያውን ጭምር የሚጠይቅ ሰው በዚያ ወንበር ላይ እንዲገኝ ያስፈልጋል። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለ አንድ ነገር አለ። በየመኝታ ክፍላችን መሳቢያ ውስጥ የሞቱ የስልክ ባትሪዎችና ፓወር ባንኮች ተቀምጠዋል። የተማሪዎች ማኅበር እነዚህን ቢያስቆጥርና ቁጥሩን ይዞ «ማን ይረከበን? ማንስ ይክፈል?» ብሎ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ቢጠይቅ፥ ጥያቄው ከክርክር ክበብ ወጥቶ መልስ ወደሚሰጥበት ስፍራ ይደርሳል። የሚቃወም ወይም የተሻለ ሐሳብ ያለው ካለ በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍልን እንጠይቃለን።